የተሰጠ አገር

መምህርት እስከዳር በዚህ ምድር ላይ አጥብቃ የምትጠላው አንድ ነገር ነበር፤ ወንበር። ወንበር ደግሞ ምን በደላት? ይነገራል፣ ቀስ እያለ ይነገራል። ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከበርበሬ ማሳውና ከባሕር ዛፉ ጀርባ ዋርካ ማርያም የምትባል አገር አለች። እዚያ ሰው የሚቀመጠው መደብ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ አጎዛ ላይ፣ ካልሆነም ሣር ላይ ነው። እስከዳር ብቅ ስትል ግን ግቢው ይታመሳል። "ወንበር! ለመምህርቷ ወንበር አምጡ!" ይባላል። አንዱ ጎረቤት ሮጦ ይዋሳል፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ትጠርጋለች፣ ከዚያ "ይቀመጡ" ትባላለች። ሰው ሁሉ ታች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ሲያወጋ እሷ እላይ ተሰቅላ ታያለች።

ሰርግ ሲሆን ወንበር፣ ለቅሶ ሲሆን ወንበር። ምግቡም እንደዚያው ነው። ሌላው በመሶቡ ዙሪያ እየተጎራረሰ ሲበላ፣ የእሷ በሳህን ተደርጎ፣ ሌላ ሳህን ተከድኖበት ለብቻዋ ይመጣል። አንድ ጊዜ የማርያም ንግሥ ዕለት ሴቶቹ ከዋርካው ሥር ተሰብስበው ሽንኩርት ሲልጡ አይታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ቢላዋ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ እትዬ ደስታነሽ ያዟት። "ኧረ በማርያም! እርስዎ ይቀመጡ እንጂ። ምነው፣ እኛ ሞተናል?" አሏት። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እስከዳር ግን ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ ሆዷ ባባ፤ ዓይኗ የረጠበው በሽንኩርቱ መስሏቸው ወንበሩን ከነእሷ ከጢሱም ከሽንኩርቱም አራቁላት።

የደሴ ልጅ ናት። ዋርካ ማርያም በመጣች ሰሞን አንደኛ ክፍል የገቡት ልጆች ዛሬ በቁመት አልፈዋታል። እናቷ ካረፉ ወዲህ ደሴ ላይ የቀራት የወንድሟ ቤት ብቻ ነው። እዚያም ስትሄድ የወንድሟ ሚስት አዲስ ፎጣ ከቁም ሳጥን አውጥታ ትሰጣታለች፤ ያ ፎጣ የዚህ ወንበር ወንድም ነው። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች። የምትፈልገው ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ሰው "አንቺ" ቢላት ነበር። "አንቺ እስከዳር፣ እስቲ ይቺን ያዥልኝ" የሚል አንድ ሰው። ይኼው ነው። ይኼን ያህል ዘመን የጎደላት ይቺ ናት።

ለምናም ነበር። "እባካችሁ አንቺ በሉኝ፣ እኔ ምን የሚያስከብር ነገር አለኝ?" ብትላቸው ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩና "ወይ ትሕትና! ተምረው እንዲህ ዝቅ ይበሉ!" ብለው ጭራሽ ያንን ሰሞን በሁለት እጃቸው መጨበጥ ጀመሩ። እድር ልግባ ብትል "እርስዎማ እንግዳችን ነዎት፣ ምን አደከመዎት" ተባለች። ውሃ ልቅዳ ብላ ጀሪካን አንጠልጥላ ብትወጣ መንገድ ላይ ያገኟት ሁሉ እየተቀማሙ ተሸክመውላት ገቡ። ምን ታድርግ? ሰው አክብሮ ሲገድልህ ለማን ትከሳለህ? ምሽት ሲሆን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍሏን ከፍታ ትገባለች፣ ሬዲዮዋን ትከፍታለች፣ ሬዲዮው ሲያወራ እሷ ትመልስለታለች። ከማዶ ከእትዬ ደስታነሽ ግቢ የሚመጣውን ሳቅ እየሰማች በምን እንደሳቁ ለመገመት ትሞክራለች።

ሰው ሰው የሚሸታት ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። አማርኛ ነው የምታስተምረው። በተለይ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ተረትና አፈ ታሪክ የሚባለው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ፊቷ ሳይቀር ይለወጣል። ማስተማሪያዋ የራሷ ነው፤ ማንም አላሳያትም። ጥግ ጥጉን አይጥ የበላው የዓለም ካርታ አላት። እሱን ግድግዳው ላይ ትሰቅልና "እንቆቅልሽ!" ትላቸዋለች። "ምን አውቅልሽ!" ብሎ ክፍሉ ይደበላለቃል። መልሱን ካወቁት የእነሱ ድል ነው። ካላወቁት ግን "አገር ስጡኝ" ትላለች፣ አንዱ ወይም አንዷ ተነስታ ካርታው ላይ ጣቷን ታሳርፋለች፣ ያቺ ጣት ያረፈችበት አገር ለእስከዳር ይሰጣል። በሳምንቱ የዚያን አገር ተረት ይዛ መምጣት ግዴታዋ ነው። በዚህ መንገድ የአፋርን፣ የአኙዋክን፣ የጃፓንን፣ የህንድን፣ ስሙን ልጆቹ አጥርተው የማይጠሩትን አገር ሁሉ ተረት አስተምራለች። መጽሐፍ ስታገኝ ከመጽሐፍ፣ ኔትወርክ ሲኖር ከስልኳ፤ ሁለቱም ሲጠፉ ግማሹን ከሰማችው ግማሹን ከሆዷ እየቀጠለች።

ልጆቹም የዋዛ አይደሉም። የጃፓን ቀበሮ ሴት መስላ ሰው አታለለች ስትላቸው "ዶሮስ ትሰርቃለች?" ብለው ይጠይቃሉ። ባሕር ውስጥ ስለምትኖር ንግሥት ስትነግራቸው፣ አጎቱ ቆጋ ላይ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው ምናለ እጁን አውጥቶ "ባሕሩ ከቆጋ ግድብ ይበልጣል?" አላት። "ይበልጣል" ብትለው አላመናትም። "ውሃ የሚያካፍለው ማኅበርስ አላቸው?" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም እስከ ዕረፍቱ ደወል ድረስ እየሳቀች አስተማረች።

አንድ ሰኞ እንቁ የምትባል፣ ፊት ረድፍ የምትቀመጥ አፈ ጮሌ ልጅ እንቆቅልሹ ጠፋባትና አገር እንድትሰጥ ተጠየቀች። ሮጣ ሄዳ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ ካርታው አናት ላይ ያለውን ነጭ ቦታ ነካች። "ይኼን። ማንም የማይፈልገውን" አለች። በረዶ ብቻ የሆነውን አገር ነው። እስከዳር ሳምንቱን ሙሉ ተረት ብትፈልግ አላገኘችም፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። በሳምንቱ ባዶ እጇን ገባች። ልጆቹ ጠበቋት፤ አፏን ስትከፍት ተረቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው መጣ።

"በነጩ አገር ፀሐይ ጠፍታ የምትከርምበት ወቅት አለ" አለች። "ሰዎቹ በረዶውን በመጥረቢያ ይፈነቅሉና መረብ ይጥላሉ። መረቡን የሚጎትቱት አንድ ላይ ነው፤ ሲጎትቱም ይዘፍናሉ። አንድ ቀን መንገድ የጠፋው ሰው መጣባቸው። አስገቡት። ከእሳቱ አጠገብ ወፍራም ቆዳ አንጥፈው አስቀመጡት፤ የመጀመሪያውን ዓሣ ለእሱ ሰጡት። ሲነጋ መረቡን አብሯቸው ሊይዝ ተነሳ። 'አይሆንም፣ ይቀመጡ' አሉት። በማግስቱም ተነሳ። 'ይቀመጡ' አሉት። ዘመን አለፈ። የሰውየው ጸጉር ሸበተ። ዘፈኑን በየቀኑ ከውጭ ይሰማዋል፤ ቃሉን ግን አያውቀውም፤ ማንም አላስተማረውማ። አንድ ቀን ከመረብ ሲመለሱ እሳቱ እንደነደደ፣ ቆዳው እንደሞቀ፣ ሰውየው በብርድ ሞቶ አገኙት። 'እዚህ ሙቀት ውስጥ ሆኖ እንዴት በረደው?' እየተባባሉ ከልባቸው አለቀሱለት።"

መጨረሻው ላይ ድምጿ ተሰበረ። ወደ ሰሌዳው ዞራ ጠመኔ የምትፈልግ መሰለች።  ከዚያ እንቁ እጇን ሳታወጣ፣ ከመቀመጫዋም ሳትነሳ ጠየቀች።

"መምህርት፣ ሰውዬው አገር ሰጥቶ ነበር እንዴ?"

"ምን አልሽ?"

"እንዲህ የሚያከብሩት የነሱን አገር ሰጥቶባቸው ነው ወይ? እንደ እርስዎ።"

ምናለ ከኋላ በክርኑ ጎሸማት። እንቁ አፏን በመዳፏ ከደነች። ሌሎቹ ሁሉ ደብተራቸው ውስጥ ገቡ። እስከዳር አንዷን ብትይዝ አንዱን "ንገሩኝ" ብትል ማን ይንገራት! ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ እንደ ወትሮው ሳይንጫጩ ወጡ።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አያ ክንዱ ናቸው። ጠዋት ጠዋት የእስከዳርን ወንበር ከቢሮ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ጥላ የሚያመላልሱት እሳቸው ነበሩ። ያን ሰሞን ደረታቸውን ታመው ቤት ተኝተዋል። እስከዳር ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄደች። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። ገና ጥላዋን በሩ ላይ ሲያዩ ሳላቸውን አቋርጠው "ወንበር! ኧረ ወንበር!" ብለው ተጣሩ።

"አያ ክንዱ፣ ይተዉት ወንበሩን። አንድ ነገር ይንገሩኝ። እኔ አገር ሰጥቻለሁ?"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከአገጫቸው ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ሳቁ፣ ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ ጋብ ሲል "ማን ነገረዎት?" አሉ።

"እንቁ።"

"አይ ልጅ! ይኼን ያህል ዘመን አዋቂው ችሎት!" አሉና ትራሳቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ ካወቁት ምን ይደረጋል። እዚህ አገር ሰው እንቆቅልሽ ሲጫወት ጎንደርን ይሰጣል፣ ሸዋን ይሰጣል፣ ያላየውን ምስርን ይሰጣል። ዋርካ ማርያምን ግን በጨዋታም ቢሆን አይሰጥም። የቆመባትን የሰጠ ሰው 'የኔ አይደለችም' ማለቱ ነው። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው። እርስዎ ደግሞ በመጡ በማግስቱ ሰጧት። ልጆቹ ማታ ለየቤታቸው አወሩ። እኛም እንግዲህ፣ ራሷ አገሬ አይደለም ካለች እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ ወጉ ነው ይከበራል፣ አልን። አከበርንዎት።"

"ገደላችሁኝ እንጂ ምን አከበራችሁኝ!" ብላ ጮኸች እስከዳር። በሽተኛ ፊት መሆኗን ረስታው ነበር። "ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ኧረ መምህርት! እንግዳ ሰው እንግዳ መሆኑ ይነገረዋል? ነውር አይሆንም?" አሉ አያ ክንዱ ከልባቸው ደንግጠው።

እስከዳር መደቡ ጫፍ ላይ ዘጭ አለች፤ ሽማግሌው ወንበር አለመምጣቱን እንኳን አላስተዋሉም። ትዝ አላት። የመጀመሪያ ሳምንቷ ነበር። የእትዬ ደስታነሽ ልጅ እናትነሽ፣ ፍርሃት የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ልጅ፣ ተነስታ እንቆቅልሽ ጠየቀቻት። "ክረምት ትለብሳለች፣ በጋ ትታረዛለች፤ ገበያ ግን ወጥታ አታውቅም።" እስከዳር በግ አለች፣ ዛፍ አለች፣ አላገኘችውም። ጋራ ነበር መልሱ፤ የደሴ ልጅ ሆና ጋራ ጠፋት! "አገር ይስጡኝ!" አለች ልጅቷ። እስከዳር ልጆቹን ደስ ላሰኛቸው ብላ፣ የምታምረውን ልስጣቸው ብላ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ "ዋርካ ማርያምን ከነሕዝቧ ሰጥቼሻለሁ!" አለቻት። ክፍሉ ጭጭ አለ። እሷ ደስታ አፋቸውን የያዛቸው መስሏት ነበር። ሞኝ!

"መመለሻ የለውም?" አለች።

"የያዘችው ሰው ስትመልሳት ነዋ። ያውም እንዲሁ ስጪኝ ተብላ አይደለም፤ በጨዋታው ተሸንፋ ነው። እናትነሽ ደግሞ አገራችንን በጉያዋ ይዛ ፍኖተ ሰላም ገብታለች፤ እንደ ባለርስት ጸጉር ትሠራለች አሉ" ብለው አያ ክንዱ እንደገና ሳቁ። ስትወጣ ከኋላዋ "መምህርት፣ እኔም ብሆን ያንን ወንበር መሸከም ሰልችቶኛል፤ ቶሎ ይመለሱ" አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቃ፣ ቡሬ ላይ ሚኒባስ ተሳፍራ ፍኖተ ሰላም ገባች። በዋናው መንገድ ላይ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው እየተጋፋ ነበር። ከሆስፒታሉ ጀርባ ካሉት ሱቆች መካከል መጋረጃዋ ሮዝ የሆነች አንዲት ጠባብ ጸጉር ቤት አገኘች። እናትነሽ በሩን ስታይ የያዘችው ማበጠሪያ ከእጇ ወደቀ። "ውይ መምህርት! ይግቡ፣ ይግቡ! ይቀመጡ!" ብላ ወንበር ሳበችላት። እዚህም ወንበር! እስከዳር በሆዷ ረገመችና ተቀመጠች፤ ከወንበሩ ፊት መስተዋት ነበር።

እናትነሽ ከጀርባዋ ቆማ ጸጉሯን መፍታት ጀመረች። ያቺ ክፍሉን በአንድ እግር ታቆም የነበረች ልጅ ድምጿ ቀጥኗል። ከአንድ ደንበኛ በስተቀር ሰው አልነበረም፤ እሷም "አንቺ ልጅ፣ ውሃው ቀዝቅዟል" ብላ ተቆጥታ፣ ጸጉሯን ታጥባ ሄደች። ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ እስከዳር የመጣችበትን ነገር ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ወንበሩን ነገረቻት፣ ተከድኖ የሚመጣውን ሳህን ነገረቻት፣ ከሬዲዮ ጋር ማውራቷን ሳይቀር ነገረቻት። የእናትነሽ ጣቶች ጸጉሩ ውስጥ ቆሙ።

"እኔ እኮ አውቅ ነበር" አለች እናትነሽ። "ልጅ ሳለሁ በየመንገዱ 'ባለ አገሯ መጣች' ይሉኝ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር። እርስዎ ላይ ምን እንደወደቀ አላሰብኩትም።" ጥቂት ጎነጎነች። "እዚህ ሁሉም አንቺ ይለኛል መምህርት። ስሜን ግን የሚያውቀው የለም። ማታ በሬን ስዘጋ የምኖርባት ክፍል የሰው፣ የቆምኩበት ሱቅ የሰው። ያኔ ምን እላለሁ መሰለዎት? 'እኔ እኮ አንድ ሙሉ አገር አለኝ' እላለሁ። ይስቁብኝ እንደሆነ ይሳቁ። ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እላለሁ።"

እስከዳር መስተዋቱ ውስጥ አየቻት። ልጅቷ ዋርካ ማርያምን ከሰጠች፣ "የኔ አይደለችም" የምትለው አሁን እሷ መሆኗ ያን ጊዜ ገባት። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አፈረች። ምን ሆና መጣች? የራሷን ብርድ ለዚች ልጅ ልታለብስ?

"ተይው እናትነሽ። አልጠይቅሽም። ጸጉሬን ብቻ ሥሪኝና ልሂድ" አለች።

እናትነሽ ሹሩባውን ቀጭን ቀጭን አድርጋ እስከ ማጅራቷ ወሰደችው። የመጨረሻዋን ቋጥራ እጇን እስከዳር ትከሻ ላይ አሳረፈች። "ይጠይቁኝ" አለች።

"ተይ አልኩሽ።"

"ይጠይቁኝ እላለሁ! እኔ እናቴ አለችልኝ፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን እመጣለሁ፣ እሄዳለሁ። እርስዎ ማን አለዎት? እንቆቅልሽ ይበሉኝ!" ድሮ ክፍል ውስጥ እንደምትጮኸው ነበር የጮኸችው።

"እንቆቅልሽ" አለች እስከዳር በሹክሹክታ።

"ምን አውቅልሽ!"

"ከሁሉ በላይ ይቀመጣል፣ ከሁሉ በፊት ይበላል፤ ከማንም ጋር ግን አይስቅም። ምንድን ነው?"

መስተዋቱ ውስጥ የእናትነሽ ዓይን እንባ ሞላ። አውቃዋለች። እስከዳርም እንዳወቀችው አየች። ከሆስፒታሉ በኩል የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ፣ አለፈ።

"አላወቅሁትም" አለች እናትነሽ።

"ታውቂዋለሽ።"

"አላወቅሁትም አልኩ እኮ! አገር ልስጥዎት?"

እስከዳር "ስጪኝ" አለች በጭንቅ።

"ዋርካ ማርያምን ሰጥቼዎታለሁ። ከነሕዝቧ።"

በጨዋታው ደንብ አገር የተሰጠው ሰው አገሩ ገብቶ ይፎክራል። እስከዳር "ዋርካ ማርያም ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣ ውሃውን ቀድቼ..." ብላ ጀመረችና ድምጿ እምቢ አላት። የቀረውን እናትነሽ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ጨረሰችላት። "...ሽንኩርቱን ከትፌ፣ ከሰው ተቃቅፌ።" ከዚያ ሁለቱም መስተዋቱ ፊት ሳቁም አለቀሱም። "መልሱን እንኳን ይንገሩኝ፤ ደንቡ ነው" አለች ልጅቷ። "እንግዳ ነው" አለቻት እስከዳር።

እናትነሽ ያኑ ዕለት ማታ ለእናቷ ደውላ ነግራለች። እስከዳር ግን ይኼን አላወቀችም፤ ወሬውም ገና ለአገሩ ሁሉ አልተዳረሰም። ቡሬ አድራ እሑድ ቀን ዋርካ ማርያም ስትገባ ያገኘችው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰላምታ ሰጣት፤ ለውጥ የሚባል ነገር አላየችም። በቃ፣ ጨዋታ ነው፣ ልጅቷን በከንቱ አስለቀስኳት ብላ ተኛች።

ሰኞ ንጋት ላይ ጥሩምባ ተነፋ። አያ ክንዱ ማረፋቸውን ሰማች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ እየሮጠች ሄደች። ግቢው ሰው ሞልቷል፤ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ ሴቶቹ ንፍሮውን ይጥዳሉ። በሩ ላይ ቆመች። "ወንበር!" የሚል ድምጽ ጠበቀች። አልመጣም። ሰዎቹ ቀና ብለው ያዩዋትና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ወንበር የሚያመጡላት ሰው እኮ ዛሬ ሟች ናቸው ብላ አሰበች፤ ጠበቀች፤ አሁንም ማንም ንቅንቅ አላለም።  ኧረ ጉድ፣ የነበረኝንም ክብር አጣሁ፣ አስቀየምኳቸው፣ አለች በልቧ። ተመልሳ ልትሄድ ፊቷን ስታዞር እትዬ ደስታነሽ ዓይናቸው በለቅሶ ቀልቶ፣ እጃቸው አመድ ሆኖ መጡባት።

"አንቺ!" አሏት። "ምን ተገትረሽ ታያለሽ? እጅሽ ተሰብሯል? ያንን ጀሪካን ይዘሽ ወደ ምንጭ ውረጂ እንጂ፤ ሰው ሁሉ በውሃ ጥም ሊሞት ነው!"

እስከዳር ጀሪካኑን አንስታ ቁልቁለቱን ወረደች። ምንጩ ጋ ስትደርስ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለአያ ክንዱም አለቀሰች፤ ያን ወንበር ይዘው ሲመጡ ቆባቸው ወደ ጆሯቸው እንደሚያዘነብል ትዝ አላትና። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። "አያ ክንዱን እንዲህ ትወዳቸው ኖሯል?" ተባባሉ። አንዷ ወገቧን አቅፋ "በይ በቃሽ እስከዳር፣ በቃሽ" አለቻት። ጀሪካኑን ግን ማንም አልተቀበላትም፤ ዳገቱን ራሷ ተሸክማ ወጣች። ከዚያ ሣሩ ላይ፣ በሁለት ሴቶች መካከል ተጣብባ ተቀምጣ ከአንድ ሰፌድ ንፍሮ ዘገነች። እትዬ ደስታነሽ ጎኗ መጥተው ተቀመጡና የሹሩባዋን ጫፍ ነካ አደረጉት። "የልጄ እጅ ነው፤ አውቀዋለሁ" አሉ።

እናትነሽ የመጣችው በጥር፣ ለአስተርእዮ ማርያም ነው። ሰው ከዋርካው ሥር ተሰብስቧል፤ እስከዳር ሴቶቹ መሐል ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ልጅቷ የከተማ ጫማዋን አቧራ አልብሳ ብቅ ስትል ደስ ብሏት እየሳቀች ነበር። ከወንዶቹ በኩል አንድ ድምጽ ተሰማ።

"ወንበር! ለእናትነሽ ወንበር አምጡላት!"

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ወንበሩ መጣ። እትዬ ደስታነሽ ራሳቸው ተነስተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ሲጠርጉ ቀና አላሉም፤ ቶሎ የሚለቅ አቧራ አልነበረም መሰለኝ ብዙ ጠረጉት። "ተቀመጪ ልጄ" አሉ። እናትነሽ ተቀመጠች። የተወለደችበት አገር ውስጥ እላይ ሆና፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ታች የሚያወጋውን ሰው አየች።

እስከዳር ቢላዋውን አስቀመጠች። የሽንኩርት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ በሴቶቹ መካከል አልፋ ወንበሩ ጋ ደረሰች።  መሬቱ ላይ፣ ልክ ከእናትነሽ እግር ሥር ቁጭ አለችና ጀርባዋን በልጅቷ ሁለት ጉልበቶች መካከል አስገባች። ልጅ ሆና ደሴ እናቷ ዘንድ ጸጉሯን ስትሠራ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው፤ የሚሠራው ከላይ፣ የሚሠራለት ከታች። ሻሿን ፈታች።

"ሹሩባዬ ተፈትቷል" አለች። "ሥሪኝ እንጂ፤ ምን ተቀምጠሽ ታያለሽ?"

 ከዚያ አንድ ትኩስ ጠብታ ማጅራቷ ላይ አረፈ፣ የእናትነሽ ጉልበቶችም ትከሻዋን ግራና ቀኝ ጠበቅ አድርገው ያዙት። እትዬ ደስታነሽ ሚዶ ፍለጋ ወደ ቤታቸው ሄዱ።